ዳገት ላይ ልጅ ማየት

ሰው ያለ ጉዳይ ዳገት አይወጣም። እኔ ባደግሁበት አካባቢ ተራራ የሚወጣ ሰው ወይ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለም ነው፣ ወይ እንጨት ሊለቅም ነው፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ነው። ጫፍ ድረስ ወጥቶ፣ ወገቡን ይዞ ቆሞ፣ «እንዴት ያምራል» ብሎ ባዶ እጁን የሚወርድ ሰው ቢገኝ ዘመዶቹ ተጠርተው ቀስ ተብሎ ይነገራቸዋል። ስለዚህ አክስቴ ብርቄ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ብርድ ልብሴን ገፍፋ «ተነሺ፣ ተራራ እንወጣለን» ስትለኝ፣ «ማን ሞተ?» ነበር ያልኳት።

«ማንም አልሞተም። እንዝናናለን ብዬ ነው።»

ይህን ቃል ከአክስቴ አፍ ሰምቼው አላውቅም። አክስቴ ሲያትል ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት ስትኖር ተራራ ያየችው በአውቶቡስ መስኮት ነው። የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራለች፤ ዕረፍት ሲደርሳት ትተኛለች፣ ስትነሣ ልብስ ታጥባለች፣ ልብሱ ሲደርቅ ወደ ሥራ ትሄዳለች። እንዲህ ያለች ሴት በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ቀይ ማሰሪያ ያለው የተራራ ጫማ ገዝታ፣ መስታወት ፊት ወዲያና ወዲህ ስትራመድ ብታዩአት ምን ትላላችሁ? እኔ ጠረጠርኩ።

ስለዚህ አገር ተራራ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ተራራው ይወጣል፣ ይገባል። በደመናው ወራት ጨርሶ የለም። ከዚያ አንድ ቀን ሰማዩ ሲጠራ፣ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አብራኝ የምታጥፈው ፈረንጅ «ዛሬ ተራራው ወጥቷል» ትለኛለች፣ ከሰፈር ጠፍቶ የከረመ ጎረቤት የተመለሰ ይመስል። በመስኮት ሳይ እውነትም ነጭ ለብሶ የሰማዩን ሩብ ይዞ ተቀምጧል። ይህን የሚያህል ነገር ሦስት ወር የት ተደብቆ ከረመ? እንዲህ መደበቅ በሚችል ነገር ላይ እምነት የለኝም።

ጥርጣሬዬ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። ታላቅ እህቴን ያጯት ለቅሶ ቤት ውሃ ስታድል አይተው ነው። እሷ ሐዘንተኛ የምታስተናግድ መስሏታል፤ ለካ አንድ ሰውዬ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ የጣሳ አያያዟን ሲመረምር ኖሯል። በሦስተኛው ሳምንት ሽማግሌ መጣ፣ በሁለተኛው ወር ተዳረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት ሁሉ እኔን የሚያየኝ ማን እንደሆነ ሳልለይ አልቀመጥም። ሰዎች አንገቴን ስለምደፋ ዐይን አፋር ይሉኛል። አንገቴ ነው እንጂ ዐይኔስ ሥራ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የሚወሰድብኝ ነገር አለኝ። ሌክ ሲቲ ባለው የአክስቴ አፓርታማ ውስጥ የራሴ ክፍል አለኝ። አልጋው ስለገባ በሩ የሚከፈተው እስከ ግማሽ ብቻ ነው፤ በጎኔ ነው የምገባው። ግን በር ነው። በሃያ ሦስት ዓመቴ የራሴን በር ለመጀመሪያ ጊዜ የዘጋሁት እዚህ ነው። ይህን በር ለማንም ባል እንደማልለውጥ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

እንግዲህ በዚያ የኤፕሪል ቅዳሜ አክስቴ ይዛኝ ወጣች። ኖርዝጌት ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንድ ግራጫ መኪና ቆሞ ይጠብቀናል። ከውስጡ አንድ ረጅም፣ ሪዛቸው የሸበተ ሰውዬ ወረዱ።

«አቶ ሰይፉ ይባላሉ፣ ቸርች ነው የምንተዋወቀው» አለች አክስቴ። «ኤቨረት ከተማ ነው የሚሠሩት። አውሮፕላን ይገጥማሉ።»

ጋሽ ሰይፉ ጨበጡኝና መጀመሪያ ያዩት እግሬን ነው።

«ጉልበትሽ እንዴት ነው?» አሉኝ።

«ደህና ነው።»

«ዳገት ትችያለሽ?»

ፈረስ የሚገዛ ሰው እንኳ መጀመሪያ ስለ ዝናቡ ያወራል። ከኋላ ገባሁ። መንገድ ላይ ወሬው ሁሉ ስለ ወንድማቸው ልጅ ሆነ። ዳዊት ይባላል፣ ዴንቨር ነው፣ ኢንጂነር ነው፣ እሳቸው ናቸው ያሳደጉት።

«ሲጋራ የለ፣ መጠጥ የለ። በየሳምንቱ ኮል ያደርግልኛል» አሉ።

«አግብቷል?» አለች አክስቴ።

«ኧረ ገና ነው።»

ጉዳዩ እዚያው መኪና ውስጥ ተፈታልኝ። የምንወጣው ተራራ የለቅሶ ቤቱ ድንኳን ነው፤ ጋሽ ሰይፉ ጥግ የተቀመጡት ሰውዬ ናቸው፤ ጣሳዋን የምይዘው እኔ ነኝ። የመቀመጫ ቀበቶዬን አጠበቅሁ።

የዚያን ቀን ያየሁት ጭቃ ነው፣ ከጭቃው በኋላ ፏፏቴ ነው፣ ከፏፏቴው በኋላ ሌላ ጭቃ ነው። ከላይ የሚወርደው ፈረንጅ ሁሉ ይስቅልናል፣ «ሃይ» ይለናል። ከተማ ውስጥ ሊፍት ውስጥ እንኳ ጫማውን የሚያይ ሕዝብ ተራራ ሲወጣ ምን አግኝቶ ነው ዘመድ የሚሆነው? አንዷን በአክስቴ በኩል ምን ያህል ቀረን ብዬ ባስጠይቃት «ደርሳችኋል» አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላው «ደርሳችኋል» አለ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ሁለት ዱላ ይዘው እየወረዱ «ደርሳችኋል» አሉ። ተማክረው ካልሆነ ሦስት ሰው አንድ ዐይነት ውሸት አይዋሽም።

ጫፍ ላይ ስንቀመጥ ጋሽ ሰይፉ ሙዝ እየላጡ ጠየቁኝ።

«እዚህ አገር ትልቅ ሰው የላችሁም? አጎት? ያባት ወገን?»

«ከአክስቴ በቀር ማንም የለኝም።»

«እሷስ? ካንቺ በቀር?»

«ማንም።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ሙዙን ግማሽ በልተው ግማሹን ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት። ሽማግሌ የሚልኩበት ቤት ስላጡ ነው ብዬ ገመትኩ። በውስጤ ደስ አለኝ። ሴት ልጅ ዘመድ ማጣቷ የሚጠቅማት ቀን አለ።

እሳቸው ግን ተስፋ አልቆረጡም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ግራጫው መኪና አይቀርም። እኔም የመከላከያ ስልት አወጣሁ። አንደኛው ስልት በመካከላቸው መሄድ ነው። አክስቴ ከፊት፣ እኔ መኻል፣ ጋሽ ሰይፉ ከኋላ። ስለ እኔ ሊነጋገሩ ቢፈልጉ በጭንቅላቴ ላይ አሳልፈው ይነጋገሩ። አንዳንድ ጊዜ ጋሽ ሰይፉ «እስቲ አንቺ ቅደሚን» ይሉኛል፤ አካሄዴን ከኋላ ሊያዩ ነዋ። «እዚሁ ይመቸኛል» እላለሁ። ሌላው ስልት መብላት ነው። በላተኛ ሙሽራ ማን ይፈልጋል ብዬ የሦስታችንንም ሳንድዊች በላሁ። ጋሽ ሰይፉ አክስቴን አይተው «ልጅ ሲበላ ደስ ይላል» አሉ። ይህ ስልት ከሸፈ።

ጁላይ ላይ ወደ አንድ ከፍ ያለ ሐይቅ ስንወጣ ትልቁን ስልት አወጣሁ፤ አነከስኩ። አካለ ጎዶሎ ለዴንቨር ኢንጂነር አይታጭም ብዬ ነው። ዐሥር እርምጃ እንኳ ሳላነክስ ከላይ የምትወርድ አንዲት ፈረንጅ ቆመች፤ ነርስ ነኝ አለች። ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ፣ ከቦርሳዋ ፋሻ አወጣች። ባሏ ዱላዎቹን ሰጠኝ። ሌላ ሰው መጥቶ ውሃዬ ውስጥ ብርቱካንማ ዱቄት በጠበጠልኝ። አንድ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ውሻ ጭኔ ላይ አገጩን አሳረፈ። በመጨረሻ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሄሊኮፕተር ይጠራ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ድምፄ ተሰምቶ የማያውቀው፣ አገር በሚሰማው ድምፅ «ኖ» አልኩ።

ነርሷ ግን እጇ ጥብቅ ነበር። ፋሻው እግሬን እንደ ጭነት ስላሰረው ጣቶቼ ቀስ በቀስ ሰማያዊ ሆኑ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሸቴ እውነት ሆነ፤ እስከ መኪናው ድረስ ከልቤ አነከስኩ። ሐይቁን ሳናይ ወረድን። ጋሽ ሰይፉ ቦርሳዬን ተሸክመው፣ ፊታቸው ጠቁሮ ወረዱ። አክስቴም በመስኮት ውጪ ውጪውን ታያለች። ጨዋታው ፈረሰ፣ የክፍሌ በር ተረፈልኝ ብዬ ኋላ ወንበር ላይ ተጋደምኩ።

በሳምንቱ ቅባት ተላከልኝ። ከጋሽ ሰይፉ።

ሴፕቴምበር አልቆ ኦክቶበር ሲገባ ቅጠል እናያለን ተባለ። ቅጠሉ ሊረግፍ ስለሆነ ሳይረግፍ ለማየት ሁለት ሰዓት ተኩል ይነዳል፤ የእኛ ሰፈር ዛፍ የሚያረግፈው ምኑን ነው? መኪናው ውስጥ ስገባ መቀመጫዬ ላይ ካርቶን ተቀምጧል። ስከፍተው የተራራ ጫማ ነው። አዲስ። በልኬ።

«ያንቺ ሸራ ጫማ አያዋጣም ብዬ ነው» አሉ ጋሽ ሰይፉ። «ሴል ላይ፣ በቅናሽ ነው ያገኘሁት፣ አይክበድሽ።»

ቁጥሬን ማን ነገራቸው? አክስቴን አየኋት፤ አክስቴ መንገዱን አየች። ይህ ስጦታ አይደለም፣ ጥሎሽ ነው አልኩ። ካጠለቅሁት አለቀልኝ። «አመሰግናለሁ፣ ግን አልፈልግም» ብዬ ካርቶኑን ዘግቼ በሸራ ጫማዬ ወጣሁ። ሩብ ሰዓት አልሄድንም፣ አንድ ጠባብ ወንዝ በግንድ ላይ ስንሻገር ሸራ ጫማዬ ከነእኔ ከዳኝ። ውሃው እስከ ጉልበቴ ነው፤ ብርዱ ግን እስከ ጥርሴ ደረሰ። ጋሽ ሰይፉ በብብቴ ይዘው አወጡኝ፣ መኪናው ድረስ ተመልሰው ሄደው ካርቶኑን ይዘው መጡ። ጥሎሹን አጠለቅሁት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ጫማው ይመቻል። በዚያ ጫማ ያን ቀን ወደ ላይ ስወጣ፣ ዛፎቹ ወርቅ መስለው፣ አየሩ የእርጥብ እንጨትና የእንጉዳይ ሽታ ይዞ፣ ማንም ምንም ሳይለኝ «እንዴት ያምራል» ብያለሁ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ማንም አልሰማኝም ብዬ አምናለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ቅዳሜ ጠዋት አክስቴ ሳትቀሰቅሰኝ እነሣ ጀመር፤ ጠላትን ነቅቶ መጠበቅ ይሻላል ብዬ ነው።

በዲሴምበር በረዶ ላይ ሄድን። እግር ላይ ወንፊት የመሰለ ነገር አስሮ እንደ ዳክዬ መራመድ ነው። ጋሽ ሰይፉ የፕላስቲክ ገበታ የመሰለ መንሸራተቻ አምጥተው ነበር፤ እኔ እምቢ ስል አክስቴን አስቀምጠው፣ እሳቸው ከኋላ ተቀምጠው፣ ቁልቁል ለቀቁት። አክስቴ እየጮኸች ወረደች፣ ታች ስትደርስ በጀርባዋ ተንጋልላ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ይህንንም ከማስረጃዎቼ ጋር አስቀመጥኩት፤ ሴራው ሊሳካላት ነው፣ ለዚህ ነው የምትስቀው ብዬ።

ፌብሩዋሪ ላይ በረዶው ከተማ ድረስ መጣ። ቅዳሜ ስንነሣ ሌክ ሲቲ ነጭ ሆኗል። አውቶቡስ የለም፣ ሥራ የለም፣ መኪኖች እንደ ተኛ በግ ተደርድረዋል። ዛሬስ ግራጫው መኪና አይመጣም ብዬ ካልሲዬን እንዳደረግሁ ስቀመጥ በሩ ተንኳኳ።

በቀዳዳው አየሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። ኮት፣ ከረባት፣ እስከ ጉልበታቸው በረዶ። ፊት የቆሙት ጋሽ ተካ ናቸው፣ የቸርቻችን ሽማግሌ። ሦስት ሽማግሌ በከረባት፣ በዚህ ብርድ፣ በእግር፤ ለምን እንደመጡ ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም።

«አክስቴ፣ መጡ» አልኳት።

አክስቴ ከወንበሯ ተነሣች። ጸጉሯን ነካ አደረገች። ከዚያ እየሮጠች ሄዳ መኝታ ቤቷ ገባችና በውስጥ ቆለፈችው።

«አክስቴ፣ ምን ሆንሽ?»

«አንቺ አነጋግሪያቸው» አለች በበሩ ውስጥ።

ሙሽራዋ ራሷ ሽማግሌ የምታስተናግድበት አገር የት አለ? በሩን ከፈትኩ። ገቡ፣ ምንጣፉ ላይ ቆሙ፣ በረዷቸው መቅለጥ ጀመረ። ተቀመጡ ብላቸው እምቢ አሉ።

«የመጣንበት ጉዳይ ካልተሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ተካ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ልጄ… ማለቴ፣ እርስዎ የቤቱ ትልቅ ሰው ስለሆኑ…»

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ። ማንም የለም።

«…ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን ለምነን መጥተናል።»

«የትኛዋን ልጅ?»

ጋሽ ተካ ጓደኞቻቸውን አዩ። «ወይዘሪት ብርቄን ነዋ።»

«ልጃችሁ ማነው?»

«አቶ ሰይፉ ናቸው።»

የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው ልጃችን ሲባል፣ የአርባ ዘጠኝ ዓመት አክስቴ ልጅዎ ስትባል፣ እኔ ደግሞ አንቱ ስባል፣ ምድር የዞረች መሰለኝ። አንድ ዓመት ያከማቸሁት ማስረጃ ሁሉ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ሌላው ወገን ተሻገረ። ጉልበቴ ለምን እንደተጠየቀ ገባኝ፤ ሰውዬው ዳገት እንድችል ብቻ ነበር የፈለጉት። ዘመድ ለምን እንደተጠየቅሁ ገባኝ። ስለ ዳዊት የተወራውም ለአክስቴ ቤተሰባቸውን ሲያስተዋውቁ ነው። የተነፈሱትም በዚህች ልጅ እጅ ወደቅሁ ብለው ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ የክፍሌ በር ተርፏል። ግን ያኔ ነው የባሰው የመጣው። አክስቴ አግብታ ኤቨረት ከሄደች እኔ ምን እሆናለሁ? በር የሚዘጋው ከወዲያ ሰው ሲኖር ነው። ባዶ ቤት ውስጥ በር ምን ያደርጋል?

ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ። መቼም በመጀመሪያ ቀን እሺ እንደማይባል አውቃለሁ፤ የእህቴ ጊዜ አባቴ ሦስት ጊዜ መልሷቸዋል። እኔም ከአባቴ ላላንስ ብዬ፣ ጁላይ ላይ እንኳ ተራራው ላይ በረዶ መርገጣችን ትዝ አለኝና፣ በበረዶ ቀጠሮ ብዙ ወራት እንደማገኝ አሰላሁ።

«ቤተሰብ ተማክሮ ይመልሳል» አልኩ። «ይህ በረዶ ሲቀልጥ ተመለሱ።»

ጋሽ ተካ በመስኮት ውጪውን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። ሪዛቸው ሥር ፈገግታ የመሰለ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«በረዶው ሲቀልጥ» አሉ። «እሺ። ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ሲወጡ የአክስቴ በር ተከፈተ።

«አባረርሻቸው?»

«ቀጠሮ ሰጠኋቸው። አንቺ ምነው ዓመት ሙሉ አልነገርሽኝ?»

«ሊጠይቁኝ ገና አልጠየቁኝ፣ ምኑን ልንገርሽ? ሐይቁ ጋ ሊጠይቁኝ ነበር። አነከስሽ።»

ያኔ በፋሻ የታሰረውን እግሬን አየሁት።

«ከዚያ ቅጠሉ ጋ ሊጠይቁኝ ነበር። ወንዝ ገባሽ።»

«ታዲያ ለምን ትወስጂኛለሽ?»

«ብቻዬን ከወንድ ጋር ጫካ ስገባ ቸርች ምን ይለኛል?» አለችና ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «ስለዚህ አንቺን ያዝኩ። መኻል እንድትገቢ ግን ማንም አላዘዘሽም። ሰውዬው፣ ይህች ልጅ ደሞዝ ይከፈላታል እንዴ እስከ ማለት ደርሰው ነበር።»

«ኤቨረት ልትሄጂ ነው?»

አየችኝ። ጥያቄው ከየት እንደመጣ የገባት ያኔ ይመስለኛል።

«ቤታቸው ሦስት መኝታ አለው» አለች ቀስ ብላ። «አንዱን እሷ ትምረጥ ብለዋል። ወደ ሥራሽ አንድ አውቶቡስ ነው፤ አይቼዋለሁ።»

«በሩ እስከ መጨረሻው ይከፈታል?»

«ኧረ ግድግዳ እስኪነካ።»

አላመንኳትም። ግን ያን ሌሊት ስተኛ፣ ለማመን ብዙ ወራት አለኝ ብዬ ተኛሁ።

ጠዋት የተነሣሁት በዝናብ ድምፅ ነው። ሁለት ዓመት ስኖር ማንም ያልነገረኝ ነገር፤ የከተማው በረዶ ዕድሜው አንድ ቀን ነው። አራት ሰዓት ላይ መንገዱ ጠቁሯል፣ ጣሪያዎች ይንጠባጠባሉ፣ መኪኖቹ ተነሥተዋል። አራት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ያው ከረባት።

«እንዳሉን መጥተናል» አሉ ጋሽ ተካ። «ቀለጠ።»

የመጨረሻ ተስፋዬን ይዤ መስኮት ጋ ሄድኩ። ጥላ ሥር ትንሽ እንኳ ከተረፈች ቃሌ ቃል ነው ብዬ። አንዲት ትንሽ ክምር በእርግጥ ተርፋለች፤ ከጥዱ ሥር፣ ዝናቡ በማያገኛት ቦታ። አጠገቧ ጋሽ ሰይፉ ቆመዋል። በዝናብ ረጥበው፣ ሪዛቸው ተጣብቆ፣ በአካፋ እየዛቁ ወደ መንገዱ፣ ወደ ዝናቡ ይወረውሯታል። ከዚያ ጎንበስ ብለው አስፋልቱ ላይ በጫማቸው ይረግጧታል።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ።

«ተቀመጡ» አልኩ። «ሰጥተናል።»

የመኝታ ቤቱ በር ተበርግዶ አክስቴ ወጣች፣ ሦስቱንም ሽማግሌዎች ሰላም ሳትል አልፋ መስኮቱን ከፈተችና ወደ ታች ጮኸች።

«ሰይፉ፣ ተወው በቃ። ወገብህን ያምሃል።»

ጋሽ ተካ ጣሪያውን አዩ። እሳቸው «አንተ» ስለማለቷ ያሰቡትን አላውቅም። እኔ ግን ሴትዮዋ ለሰውዬው ወገብ እንዲህ ስትቆጣ የመጀመሪያዋ አልመሰለኝም፤ ይህንንም ከማስረጃዎቼ ጋር ያዝኩት።